ባሕሩ የእነሱ፣ ዓሣው የሌላው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከሱፐርማርኬት የቱና ቆርቆሮ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። "ቲቸር፣ የታይላንድ ምርት ይላል። ታይላንድ ይሄን ሁሉ ዓሣ ከየት አመጣችው?" ትላለች። ጎበዝ! ከክፍል ከወጣች ስንት ዓመቷ፣ ዛሬም መጠየቅ አልተወችም።

ታይላንድ ያላት ፋብሪካው ነው፤ ዓሣው በአብዛኛው ከሩቅ ነው የሚመጣላት። በዓለም ላይ ከሚጠመደው ቱና ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከምዕራብና ከመካከለኛው ፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። ዛሬ የማወራችሁ እዚያው ውቅያኖስ መሐል ስላለች አንዲት ትንሽ አገር ነው።

ካርታ ላይ "ኪሪባቲ" ተብላ ታገኟታላችሁ። ባለቤቶቹ ግን "ኪሪባስ" ነው የሚሏት። 33 ደሴቶች፣ ወደ 120 ሺህ ሕዝብ። መሬቷ ሁሉ ቢደመር 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ሁለት እጥፍ እንኳን አይሞላም። በሕግ የእሷ የሆነው የባሕር ክልል ግን 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ኢትዮጵያ ገብታበት ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። "የደሴት ሰው የፕሮቲን ችግር የለበትም፣ ባሕሩ አለለት" እያልኩ አስተምሬያችኋለሁ። ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁት ይሆናል። ያልኳችሁ ግማሽ እውነት ነው፤ ዛሬ ላርመው።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ግማሽ እንይ። ኪሪባስ ላይ አፈር የሚባለው የኮራል አሸዋ ነው። ኮኮናት ይበቅላል፣ የዳቦ ዛፍ ፍሬ አለ፣ የእኛ ጎደሬ ዘመድ የሆነውን ባባይን ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ውሃ እስኪገኝ ጉድጓድ ቆፍረው ይተክሉታል። ሁሉም ሆድ ይሞላሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። ጤፍና ምስር የለ፣ ለከብት የሚሆን ግጦሽ የለ። ስለዚህ ዓሣ ለእነሱ እንደ እኛ አማራጭ ምግብ አይደለም፤ ምሰሶ ነው። አንድ የኪሪባስ ሰው በዓመት በአማካይ ከ60 ኪሎ በላይ ዓሣ እንደሚበላ ይነገራል። የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ገደማ ነው።

እስቲ እንደ ድሮው አብረን እናስላ። 60 ኪሎ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 164 ግራም ይመጣል። ጭንቅላቱና አጥንቱ ሲወጣ የሚበላው 100 ግራም ቢሆን ነው። ከዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ 20 ግራም ያህል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 48 ግራም ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ዓሣ በልቶም ከግማሽ በታች ነው የሸፈነው! ዓሣው ትንሽ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ልተወው።

ደግሞም እየቀነሰ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው ደቡብ ታራዋ በምትባል ቀጭን መሬት ላይ ተፋፍጎ ነው። ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያጠምደው በኮራል ቀለበት ከታጠረው ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ ላጉን ከሚሉት ነው። ሴቶች ማዕበሉ ሲሸሽ ወርደው ቴ ቡን የሚባለውን ዛጎል ለበስ እንስሳ ይለቅሙበት ነበር። ሕዝቡ በዛ፣ ቆሻሻው ወደ ላጉኑ ገባ፣ ደሴቶቹን ለማገናኘት የተሠሩት የድልድይ መንገዶችም ዓሣው ለመራባት የሚጓዝበትን መስመር ዘጉበት። በዚያ ላይ ሲጓቴራ የሚባል መርዝ አለ፤ በኮራል አካባቢ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፣ ብትቀቅሉት ብትጠብሱት አይጠፋም።

"ታዲያ ውጭ ያለውን ቱና ለምን አይበሉም?" ትሉኛላችሁ። ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው።

ቱናውን በብዛት የሚያጠምዱት ግዙፍ መረብ የሚጥሉ የውጭ መርከቦች ናቸው። ኪሪባስና ጎረቤቶቿ እ.ኤ.አ. በ1982 ናውሩ ላይ ተስማምተው ተባበሩ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ለመርከቦች የሚሸጡት የማጥመጃ ቀን ሆነ፤ ቀኑም የተቆጠረ ነው። ብልህ ሥራ ነው፣ አደንቃለሁ። ድሮ በሳንቲም ይሄድ የነበረው ዛሬ ከኪሪባስ መንግሥት ገቢ ከግማሽ በላይ ሆኗል።

ገንዘቡ ገባ። ዓሣው ግን በታራዋ ወደብ ከመርከብ ወደ መርከብ እየተጫነ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ሱቁ ውስጥ በምትኩ የተደረደረው ከውጭ የመጣ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳርና በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ነው። ውጤቱም በስኳር በሽታ ኪሪባስ በዓለም ላይ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ መሆኗ ነው።

"ቲቸር፣ ገንዘቡ እኮ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይሠራል፤ የቆርቆሮ ሥጋም ቢሆን ፍሪጅ አይፈልግም" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው። መብራት በሌለበት ደሴት የማይበላሽ ምግብ ቀላል ነገር አይደለም። ፈቃድ መሸጡ ይቁም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ዓሣው በዶላር ብቻ ሳይሆን በግራም ፕሮቲንም ይቆጠር። መርከብ ፈቃድ ሲገዛ ከያዘው ውስጥ የተወሰነውን፣ ለፋብሪካ የማይሆነውን ትንሹን ብቻ ሳይሆን ደህናውንም፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ወደ አገሬው ገበያ ማውረድ የውሉ አካል ይሁን። ከፈቃዱ ገቢም ጥቂቱ ለትንንሽ ጀልባዎች ይዋል፤ ቱናን ወደ ዳርቻ የሚስብ መልሕቅ ያለው ተንሳፋፊ ይተከልላቸው፣ በረዶ ቤትም ይሠራላቸው። ማድረቅና በጨው ማቆየት ደግሞ ፍሪጅ አይጠይቅም። ላጉኑም ፋታ ያገኛል።

ገንዘብ ምግብ ይገዛል የሚባለው ሱቁ ውስጥ ጥሩ ምግብ ሲኖር ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ስኳርና ዱቄት ከሆነ፣ ገንዘቡ የሚገዛው በሽታ ነው። አንድ አገር ምግቧን ሸጣ በገንዘቡ ከእሱ ያነሰ ምግብ መልሳ ከገዛች፣ መዝገቡ ላይ ትርፍ ቢጻፍም ገበታው ላይ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ ደብተራችሁን አውጡና አርሙ፦ "የደሴት ሰው የፕሮቲን ችግር የለበትም" የሚለውን ሰርዙ። "ባሕር ያለው ሁሉ ዓሣ አለው ማለት አይደለም፤ ማን እንደሚያጠምደውና የት እንደሚወርድ ጠይቅ" ብላችሁ ጻፉ።

ልጄ፣ ቆርቆሮዋን ፎቶ ያነሳሽው፣ ነጥቡ ያንቺ ነው። የማትስማሙ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ። እንደ ድሮው እጅ ማውጣት አያስፈልግም።