ካሎው መቼ ይከፈት?

ሀገያ የምንለው አጭሩ ዝናብ አንድ ሁለቴ ጣል ጣል አድርጎ ሲጠፋ፣ ከሞያሌ እስከ ነገሌ ያለው አርብቶ አደር መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ካሎው መቼ ይከፈታል?» የሚል ነው። ጥያቄውን የሚያመጣው ችግር ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን በደረቅ ሀገያ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል መሬት እንደተዘጋ ይቆይ?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

አካባቢያችንን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ካሎ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ከብት እንዳይገባበት በእሾህ አጥር የሚከለል የግጦሽ መሬት ነው። ሳሩ እዚያው አድጎ፣ አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ደረቁ ወቅት፣ ቦናው፣ ሲከርር ጥጆች፣ የወለዱ ላሞችና አቅም ያጡ ከብቶች ይገቡበታል። ጠንካራው መንጋ፣ ፎራ የሚባለው፣ ሳርና ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ ወራ የሚባለው የሚታለበው መንጋ ግን ከሰፈር አይርቅም። የልጆች ወተት የሚገኘው ከዚህ ከወራው ነው። ስለዚህ ካሎ ያለጊዜው ሲያልቅ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው።

በአካባቢያችን፣ በቦረና አምባ፣ ዓመታዊው ዝናብ እንደየቦታው ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ገንና፣ 30 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ሀገያ ይጥላል። ሀገያ ትንሹ ድርሻ ነው፤ ሆኖም ከእሱ በኋላ የሚመጣው ቦና ረጅምና ፀሐዩ የሚያቃጥል በመሆኑ፣ ከብቱ እስከ ገንና የሚሻገረው በዚያ ትንሽ ዝናብ በበቀለ ሳር ነው። ሀገያ ሲከዳ ደግሞ ያለፈው ገንና ያተረፈው ሳር ብቻ ይቀራል። ያ ሳር በሰኔና በሐምሌ ተግጦ ካለቀ፣ በጥር ከየትም አይመጣም።

ይህን የምለው የሳሩን ጠባይ አይቼ ነው። እንደ ማታ ጉዴሳ ያሉ ዘላቂ ሳሮች ስንቃቸውን የሚያስቀምጡት ከሥራቸውና ከግንዳቸው ግርጌ ነው። ዝናብ ሲነካቸው በዚያ ስንቅ ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣሉ፤ ቅጠሉ አድጎ ያወጡትን እስኪመልስ ድረስ ባለዕዳ ናቸው። ከብት በዚያ ሳምንት ከገባባቸው ከቀረው ስንቅ እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ እንደገና ከተጋጡ ሥሩ ያጥራል፣ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅትም ከነጉቶው ይሞታል። በደረቅ ሀገያ አረንጓዴ ነገር ብቅ ባለ ማግስት አጥሩን የሚከፍት ሰው አንድ ወር ያገኝ ይሆናል፤ የሚያጣው ግን የሁለትና የሦስት ዓመት ሳር ነው።

በዚሁ ወቅት የሳር ዘር ማደልም በጎ ሐሳብ ቢሆንም ጊዜው የተሳሳተ ነው። አዲስ የተለቀመ የማታ ጉዴሳ ዘር ወራት ሳይቆይ በደንብ አይበቅልም፤ ይተኛል። የቆየውም ቢሆን በተረገጠና በጠነከረ ቀይ አፈር ላይ ዝም ብሎ ከተበተነ ከፊሉን ጉንዳን ይለቅመዋል፣ ከፊሉን ጎርፍ ይወስደዋል። የተረፈው በአንድ ካፊያ ይነቃና ቀጣዩ ዝናብ ሳይደርስለት ይደርቃል። ዘር የሚዘራው አፈሩ በስሱ ተጭሮ፣ ውሃ የሚያቁር ጎድጎድ ያለ ቦታ ተበጅቶለት፣ ገንና ሊገባ ሲል ነው። በደረቅ ሀገያ ያለውን ጉቶ ከከብት እግር ማዳን አዲስ ከመዝራት ይበልጣል፤ ወጪውም እሾህ ቆርጦ ማጠር ብቻ ነው።

ከ2013 ሀገያ እስከ 2015 ሀገያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈዋል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ያለቀው ከብት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር። በዚያን ጊዜ በጭነት መኪና የመጣው ድርቆሽና ፉርሽካ የብዙ ቤተሰብ የመጨረሻ ላም አትርፏል፤ ያመጡትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ድርቆሽ እጅግ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ቀላል ነገር ስለሆነ፣ ከመሀል አገር ተጭኖ ቦረና እስኪደርስ የሚከፈለው በአብዛኛው ለነዳጅና ለጎማ ነው። የዚያ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ዝናብ ባለበት ዓመት ካሎ ለማጠርና ቁጥቋጦ ለመመንጠር ቢውል ኖሮ፣ ሳሩ ከብቱ ካለበት ይገኝ ነበር። ድርቅን ማስቀረት አንችልም። ከድርቁ በፊት ባለው ገንና የሚሠራው ሥራ ግን በእጃችን ነው፤ በጀት የሚለቀቀው ከብቱ መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከድርቁ በላይ የሚያሰጋኝ ግን ካሎ የጋራ መሆኑ እየቀረ መሄዱ ነው። ሳሩ ቶሎ የሚያገግመው ውሃ በሚተኛበት ረባዳ መሬት ነው፤ በቆሎ ለመዝራት የሚታረሰውም እሱው ነው። በቆሎው በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ለፍሬ እንደሚበቃ ያረሰው ሰው ራሱ ያውቀዋል። ታርሶ የተተወ መሬት ደግሞ ወደ ሳር ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። በሌላ በኩል ከብት የሚነግድ ወይም በከተማ ገቢ ያለው ሰው ሰፊ መሬት በስሙ አጥሮ «የኔ ካሎ» ይላል። ሁለት ላም የቀራት እናት ከዚያ አጥር ውጪ ናት። እኔ የግል ካሎን እቃወማለሁ። ድሮ ካሎን ያዙ የነበሩት የሰፈሩ አለቃ አባ ኦላውና ዴዳ የሚባለው የግጦሽ ክልል ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የሚገባው ከብት የሚመረጠውም በድካሙ እንጂ በባለቤቱ ሀብት አልነበረም። ለዚህ ዓይነቱ ሕግ መድረክም አለ፦ ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሕግ የሚያስታውስና የሚያሻሽል፣ ጉሚ ጋዮ የሚባል ጉባኤ አለው። ቀበሌም ሆነ ወረዳ ለግለሰብ የመሬት ወረቀት ከመስጠቱ በፊት የዴዳውን ሽማግሌዎች የመጠየቅ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል።

ቁጥቋጦውም ሌላው ጠላት ነው። ቦረና ግጦሹን በእሳት ያድስ ነበር፤ በ1960ዎቹ እሳት ሲከለከል ፉሌንሳና ሳጳንሳ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ሜዳውን ወረሱት። አሁን ክልከላው ቢነሳ እንኳ እሳቱን የሚያስኬድ ሳር ብዙ ቦታ የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በመጥረቢያ ይመነጠራል፣ ካሎ ይሆናል፣ ሳሩ ሲጠና ነው እሳት የሚታሰበው። ተቆርጦ የተተወ ጉቶም በዓመቱ እጥፍ ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ ፍየልና ግመል ለጋውን እየተከታተሉ ካልበሉት ልፋቱ ከንቱ ነው። ቁጥቋጦው የከብት መድኑንም ይነካል። በ2004 ዓ.ም መጨረሻ በቦረና የተጀመረው የከብት መድን ካሣ የሚከፍለው ከሳተላይት በሚታየው የመሬት ልምላሜ ነው። ላም የማትበላው ቁጥቋጦም ከላይ ሲታይ ልምላሜ ነው። መድኑ ይጠቅማል፣ ይቀጥል እላለሁ፤ ሳርን ግን አይተካም።

አንዳንድ ሰው ካሎ የከብት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ከነገሌ አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ ይመልከት። እዚያ በ1960ዎቹ ለሳይንስ የታወቀች፣ ሳር ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ሜዳው እየታረሰ፣ በቁጥቋጦ እየተወረረና እስከ አፈሩ እየተጋጠ ሲሄድ ልትጠፋ ጫፍ ደረሰች። ሰዎች ሊያድኗት ሲነሱ ያገኙት መፍትሔ ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ የአካባቢው ማኅበረሰብ ራሱ ካሎ አጠረ። ሳሩ ቁመት ሲያገኝ ወፏ በካሎው ውስጥ ከውጪው ይልቅ በብዛት መታየት ጀመረች፤ ጥጆቹም በቦና የሚበሉት አገኙ። በያቤሎ በኩል ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል። በደርግ ዘመን ለቆርኬ ተብሎ የዱር እንስሳት መጠለያ ተከለለ፤ ዛሬ መጠለያው አለ፣ ቆርኬው ግን የለም። በካርታ ላይ ክልል ማስመር ብቻውን ሳር አያበቅልም። የሜዳ አህያ፣ ሳላና እንሹ በድርቅ ጊዜ በሌሊት ወደ ካሎ ጠጋ ይላሉ፤ የእሾህ አጥር እንሹን አይከብዳትም። በዚህ የሚከፋ አርብቶ አደር አላየሁም፤ እኔም ከዱር እንስሳ ጋር የሚካፈሉት ሳር እንደ ብክነት እንዲቆጠር አልፈልግም።

ስለ ድርቆሽ አንድ ነገር ልጨምር። ለጥጆች ሳር አጭደው በጀርባቸው የሚያመጡት ሴቶች ናቸው። ሳር የሚጠቅመው ሊያብብ ሲል ሲታጨድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ ሲደርቅ ገለባ ይሆናል፣ የጥጃ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ታጭዶ፣ በጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ከተከመረ እስከ ገንና ይቆያል። ሴቶቹ ግን በዚያው ሳምንት ውሃ ይቀዳሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ማጭድና ቆጥ መሥሪያ እንጨት ማቅረብ፣ ወንዶችም በአጨዳው እንዲያግዙ ማድረግ ከብዙ ሥልጠና ይሻላል። የካሎው ሽማግሌዎች ሲቀመጡም እነዚህ ሴቶች በስብሰባው ላይ ሊኖሩ ይገባል፤ የትኛው ጥግ መቼ እንደሚያብብ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በሞያሌ ዙሪያ ያለው፣ ጎልቦ የሚባለው ሜዳ ደግሞ የራሱ አስቸጋሪ ነገር አለው። የቦረና፣ የገብራና የገሪ አርብቶ አደሮች በዚያ ይገናኛሉ፤ ድንበሩም የሁለት ክልልና የሁለት አገር ነው። በአንዱ ወገን የተዘጋ ካሎ በሌላው ወገን እንደ መሬት ነጠቃ ሊታይ ይችላል፤ በዚህ ሰበብ ደም እንዲፈስ አንፈልግም። ስለዚህ በጎልቦ የሚታጠር ካሎ ሁሉ አጥሩ ከመተከሉ በፊት የየወገኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሦስት ነገር ሊስማሙበት ይገባል፦ ወሰኑ የት እንደሚያልፍ፣ በየትኛው ወር እንደሚከፈት፣ ሲከፈት የየትኛው ወገን ደካማ ከብት ስንት ሆኖ እንደሚገባ። ስብሰባው የካቲት ሳይወጣ፣ ገንና ሳይጥል ቢደረግ ይመረጣል፤ ሳሩ ከበቀለ በኋላ የሚደረግ ድርድር ከብት ከበስተኋላ ቆሞ ስለሚጠብቅ ለማንም አይመችም። የሁለቱም ክልል አስተዳደሮች ለዚያ ስብሰባ መጓጓዣና ምግብ ቢያቀርቡ፣ በስምምነቱ ላይም የራሳቸውን ካርታ ባይጭኑበት በቂ ነው።