ምድጃው ውጭ፣ ገንዘቡ ድስቱ ላይ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ወዳጄ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ልጀምር ነው። 200 ሺህ ቢቲዩ የሚል የፕሮፔን በርነር በቅናሽ አግኝቻለሁ። ድስቱን ለጊዜው ቤት ባለው እወጣዋለሁ፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

መልሱ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልጻፈው። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ባጭሩ ልንገርህ ወንድሜ፦ ነገሩን ገልብጠህ ነው የያዝከው። ገንዘብህን ድስቱ ላይ አውለው፣ በርነሩ መካከለኛ ይብቃህ፣ ጋራዡን ደግሞ እርሳው።

እስቲ ከድስቱ እንጀምር። አብዛኛው የቤት ጠማቂ በአንድ ጊዜ 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ነው የሚያወጣው። ያንን ለማግኘት ግን እሳት ላይ የሚጣደው የብቅል ጭማቂ 25 ወይ 26 ሊትር ነው። በአንድ ሰዓት ፍላት ሦስት አራት ሊትር በእንፋሎት ይሄዳል፣ ዝቃጩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የቱርክ መጥበሻ ተብሎ ከነበርነሩ በርካሽ የሚሸጠው ድስት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 28 ሊትር ነው የሚይዘው። ሁለት ሊትር ቦታ ቀረህ ማለት ነው። የብቅል ጭማቂ እንደ ውሃ መስሎህ እንዳትሸወድ፤ ሊፈላ ሲል እንደ ወተት ድንገት ይነሳል። ወተት ጥዶ ስልክ ያነሳ ሰው ያውቀዋል። የገነፈለው ነገር እሳቱን ሊያጠፋው ይችላል፣ ጋዙ ግን መውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ለ5 ጋሎን ቢራ የ10 ጋሎን ድስት ግዛ። ብዙ ነው አትበል፣ ትርፉ ቦታ ለአረፋው ነው።

«አሉሚኒየም ወይስ ስቴንለስ?» የሚለው ክርክር እንደሚጋነነው አይደለም። አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ ያስተላልፋል። አዲስ ሲሆን መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፍላበት፣ ጠቆር ሲል ደግሞ ላብለጭልጨው ብለህ አትፈትገው፤ ያ ሽፋን ነው የሚከላከልልህ። ስቴንለስ ግን ፍትጊያውንም ጠንካራ ማጽጃውንም ይችላል፣ ዕድሜህን ሙሉ ያገለግልሃል። አቅም ካለህ ስቴንለስ፣ ከሌለህ አሉሚኒየም፣ ግን የትኛውም ቢሆን ከታች ቧንቧ ያለው ይሁን። ከሃያ ኪሎ በላይ ትኩስ ነገር በሁለት እጅ አንሥቶ መገልበጥ ጀግንነት አይደለም። ክዳኑን ደግሞ ሲፈላ አትክደነው፤ ቢራን የተቀቀለ ጎመን የሚያሸትተው ነገር በእንፋሎት መውጣት አለበት።

አሁን ወደ በርነሩ። 26 ሊትር ጭማቂ ከክፍል ሙቀት ወደ ፍላት ለማድረስ ድስቱ ውስጥ መግባት ያለበት ሙቀት 8 ሺህ ቢቲዩ አካባቢ ነው። 60 ሺህ የሚሰጥ በርነር ግማሹ በጎን ቢባክን እንኳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያፈላልሃል። የ200 ሺሁ በርነር እሳት ከድስቱ ጎን አልፎ ቧንቧህን ነው የሚልሰው። የተለመደው ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር 430 ሺህ ቢቲዩ ገደማ ይይዛል። በ60 ሺህ ሰባት ሰዓት ያስኬድሃል፣ በ200 ሺህ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ። ከቁጥሩ ይልቅ እግሩን እይ፦ ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ድስቱ ሞልቶ ሲቀመጥበት የማይወዛወዝ፣ የንፋስ መከለያም ያለው።

ምን አስቸኮለህ ደግሞ? ሕጉ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን ይፈቅዳል፣ እስካልሸጥከው ድረስ።

ወደ ጋራዡ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዋናነት ለእሱ ነው። በጀመርኩበት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ በረዶ ሲጥል በርነሩን ጋራዥ አስገባሁት። በሩን እስከ ጉልበት ድረስ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ አየር ይገባል ብዬ። ራሴን ሲያመኝ ብርዱ ነው አልኩ። ባለቤቴ ፎቅ ላይ ልጃችንን አስተኝታ ነበር። አላርሙ ሲጮህ ልጅቷን አቅፋ ወረደችና «አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለችኝ። እኔ ባትሪው አልቆ ይሆናል ልላት ነበር። የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በመሣሪያቸው ለክተው ማናችንም ወደ ቤት እንዳንገባ ነገሩን።

አገር ቤት ከሰል አስገብቶ መተኛት ስንት ቤት እንደዘጋ ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ ግን «ይሄ እኮ ጋዝ ነው፣ ጭስ የለውም» ብዬ ነበር። የሚገድለው ጭሱ መስሎኝ! ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ የጋራዥ በር ገርበብ ስላለም አያልቅም። ወደ ቤት የሚያስገባው በር ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው።

«ውጭ ቦታ የለኝም፣ አፓርታማ ነው የምኖረው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በረንዳ ላይ ፕሮፔን አታስቡ፤ ብዙ አፓርታማም አይፈቅድም። ግማሹን ጥመቁ። 10 ሊትር ቢራ በ20 ሊትር ድስት፣ ማጀት ባለው ምድጃ ይወጣል። ቀስ ይላል እንጂ ጣዕሙ አይቀንስም።

እናቴ ጠላ ልትጠምቅ ስትል መጀመሪያ የምታየው ጋኑን ነበር። በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ከዚያ ነው ሌላው ነገር የሚመጣው። ከዕቃው ጀምር ማለቴ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

የ200 ሺሁን በርነር ተወው ወንድሜ። በተረፈው ብር አላርም ግዛ። የምትጠምቁ ደግሞ ካላችሁ፣ ስንት ጋሎን ድስት እንደምትጠቀሙና የት ቁማችሁ እንደምትጠምቁ ከታች ጻፉልን፣ ጀማሪዎቹ ይማሩበት።