የተጠባባቂ ወንበር ውርደት አይደለም

የአዳም ሞሪሰን ስም በተነሳ ቁጥር «የከሸፈ ምርጫ» የሚል ቅጽል ይከተለዋል። ሁለት የሻምፒዮና ቀለበት እንዳለው ሲነገር ደግሞ «ሳይጫወት ዋንጫ በላ» እየተባለ ይሳቅበታል። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

እ.ኤ.አ. በ2005/06 የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር የጎንዛጋው ሞሪሰን በአማካይ 28.1 ነጥብ በማስቆጠር አንደኛ ነበር። የዱኩ ጄጄ ሬዲክ በ26.8 ተከተለው። ሞሪሰን ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ በጨዋታ መሀል ደሙን እየለካ ኢንሱሊን ይወጋ ነበር። ጎንዛጋ 17 ነጥብ መርቶ በዩሲኤልኤ 73 ለ 71 ሲሸነፍ ሜዳው ላይ ተዘርሮ ሲያለቅስ አገር ሁሉ አየው።

በዚያው ዓመት ሻርሎት ቦብካትስ በ3ኛ ደረጃ መረጠው፤ ሬዲክን ኦርላንዶ በ11ኛ ወሰደው። በኮሌጅ ኳሱ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። በኤን.ቢ.ኤ. ግን እንደ እሱ ኮከብ የነበሩ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፣ ካልተከላከልክ ደግሞ ትወጣለህ። ሞሪሰን በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 11.8 ነጥብ ቢያገባም ከሞከራቸው ኳሶች የተሳኩለት ከ38 በመቶ በታች ነበሩ። ለማሻሻል ጊዜ ያስፈልገው ነበር። በጥቅምት 2007 የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ሙሉ የውድድር ዘመን አለፈው። በ2009 ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛወረ፤ በዚያ ዓመትና በቀጣዩ ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን እሱ በአብዛኛው ከወንበር ላይ ሆኖ ያይ ነበር።

ይህን ውርደት የሚሉ ሰዎች ስሌቱን ቢሠሩት ጥሩ ነው። በሊጉ 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በመደበኛ ውል የሚይዘው እስከ 15 ተጫዋች ነው። ከነዚህ በአንድ ጊዜ ሜዳ የሚገቡት አምስት ብቻ ናቸው። በዓለም ላይ ከተመረጡት 450 ያህል ሰዎች የብዙዎቹ ሥራ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው ማለት ነው። ልምምድ ላይ የተጋጣሚን ኮከብ ሆኖ የሚጫወተው ማን ይመስላችኋል? ቋሚዎቹ ለጨዋታ የሚዘጋጁት እኮ በተጠባባቂዎቹ ላይ ነው።

ሬዲክም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኦርላንዶ ውስጥ ወንበር ያሞቅ ነበር። ያኔ እሱም «ለዚህ ሊግ አይሆንም» ተብሏል። ጤናው አልከዳውም፤ መከላከልን ተማረ፤ 15 የውድድር ዘመን ተጫወተ። በ2024 የሌከርስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ። ሁለቱን የለያቸው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጉልበትና ጥቂት ዓመታት ጭምር ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የተጫዋቾች ምርጫ ሰሞን የ20 ዓመት ልጅ ሦስተኛ ወጣ ብለን ስናጨበጭብ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተቀምጦ ስናየው ደግሞ ለመሳለቅ አንቸኩል። ሞሪሰን ከኤን.ቢ.ኤ. በኋላ በሰርቢያና በቱርክ ተጫውቶ ወደ ጎንዛጋ ተመልሷል፤ የቀድሞ ቡድኑን ጨዋታዎች በሬዲዮ ሲተነትንም ተሰምቷል።