አንጎል ሲጠራ ማስረጃ ይጠየቅ

ለዚህች አጭር ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ መጥቶ ያጫወተኝ ነገር ነው። ወጣቱ ሥራ ከያዘ ወዲህ ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ ማምሸቱና ጠዋት ሥራ ማርፈዱ ስላሳሰበው፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ በአንድ አዳራሽ ለሚሰጥ የባህርይ ለውጥ «ኮቺንግ» ከደመወዙ ቀንሶ ይመዘገባል። አሠልጣኙ ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባ የአንጎል ሥዕል በግድግዳው ላይ እያሳየ፣ «አዲስ ልማድ በ21 ቀን አንጎል ላይ ይታተማል» ይላቸዋል። ተማሪዬም 21ዱን ቀን ቆጠረ። በ22ኛው ቀን አሮጌው ልማድ እዚያው ነበር። «ዶክተር፣ ምናልባት የእኔ አንጎል ችግር ይኖርበት ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጸሐፊ የፊዚክስ መምህር እንጂ የሥነ ልቦናም ሆነ የነርቭ ሳይንስ ባለሙያ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ቁጥር ሲጠራ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የማንኛውም የሳይንስ ሰው ግዴታ ነው።

የ21 ቀኑ ነገር ምንጩ የአንጎል ቤተ ሙከራ አይደለም። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው መታዘቡን ጽፎ ነበር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር «ቢያንስ» የምትለው ቃል ወደቀች፤ ትዝብቱም ሕግ ሆነ። በኋላ የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባልደረቦች 96 በጎ ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ቀላል ድርጊት ሳያስቡት የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። 12 ሳምንት 84 ቀን ብቻ በመሆኑ ትልቁ ቁጥር ከግራፉ አካሄድ የተገመተ መሆኑን ልብ ይሏል። ያም ሆነ ይህ፣ በ22ኛው ቀን መንገድ ላይ መገኘት የጤነኛ ሰው ወግ ነው። ተማሪዬን ያሳመመው አንጎሉ ሳይሆን ቁጥሩ ነበር።

ታዲያ የተማረ ወጣት ይህን ያህል በቀላሉ ለምን አመነ? ለዚህም ጥናት አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ዲና ዋይስበርግና ባልደረቦቿ ለተለያዩ አንባቢዎች ጥሩና ደካማ ማብራሪያዎችን አቀረቡ። በከፊሎቹ ላይ ለጉዳዩ ምንም የማይጨምር ስለ አንጎል የሚናገር ሐረግ አከሉበት። ባለሙያ ያልሆኑት አንባቢዎች፣ የነርቭ ሳይንስ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች ጭምር፣ ደካማው ማብራሪያ የአንጎል ስም ሲታከልበት የተሻለ መስሎ ታያቸው። ባለሙያዎቹ ግን አልተታለሉም። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ይህን በሽታ በሌላ መልኩ እናውቀዋለን፤ «ኳንተም» የሚለው ቃል ያልገባበት የፈውስና የሀብት ስብከት ጥቂት ነው።

ይህን ስል የነርቭ ሳይንስን ማቃለሌ አይደለም። ለአብነት ቮልፍራም ሹልትዝ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ዶፓሚን አመንጪ ነርቮች ያልተጠበቀ ጭማቂ ሲሰጥ እንደሚነቃቁ፣ ጭማቂው በምልክት አስቀድሞ ሲታወቅ ለምልክቱ እንደሚነቃቁ፣ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ ዝም እንደሚሉ አሳይቷል። ይህ ድንቅ ግኝት ነው። ነገር ግን ከአንድ የነርቭ ሕዋስ ተነሥቶ ተማሪዬ ሰኞ ማታ ስልኩን የት ያስቀምጥ ወደሚለው ምክር የሚያደርስ ቀጥተኛ መንገድ የለም። እናቶቻችን ምጣዱ መጋሉን አይተው፣ በጎመን ዘር አስሰው እንጀራ ሲጋግሩ የሞለኪዩሎችን ፍጥነት አያሰሉም። ሙቀት የሞለኪዩሎች እንቅስቃሴ መሆኑ እውነት ነው፤ ለጋጋሪዋ የሚጠቅማት ዕውቀት ግን የምጣዱ ነው። የባህርይ ለውጥ «ምጣድ»ም ሥነ ልቦና ነው።

ሥነ ልቦና ደግሞ የተፈተነ ነገር አለው። ጀርመናዊው ፒተር ጎልቪትዘር «ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜንና ቦታን አስቀድሞ መወሰን፣ «እለወጣለሁ» ብሎ ከመመኘት ብቻ እንደሚሻል አሳይቷል። እርሱና ፓስካል ሺራን በ2006 እ.ኤ.አ. 94 ሙከራዎችን አጠቃለው ሲመዝኑ ዘዴው ጉልህ ውጤት እንዳለው አግኝተዋል። በዘዴው ውስጥ የአንጎል ሥዕል የለም።

እንዲህ ያለው ፍተሻ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር ዶባን ይመልከት። በ2010 እ.ኤ.አ. ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰና የውጭ ባልደረቦቹ በኦሮሚያ ዶባ ወረዳ ለገበሬዎች የአንድ ሰዓት ፊልም አሳዩ። ፊልሙ እንደ እነርሱ ካለ ኑሮ ተነሥተው በጥረታቸው የተሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የሚተርክ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሌሎች ገበሬዎች ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም እንዲያዩ፣ የተቀሩት ምንም እንዳያዩ ተደርጎ፣ ማን በየትኛው ወገን እንደሚሆን በዕጣ ተለየ። ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹን ታሪክ ባዩት ዘንድ ቁጠባና ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት ጨምሮ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የማንንም አንጎል አልለኩም፤ የለኩት ሰዎቹ ያደረጉትን ነው።

ስለዚህ አሠልጣኞች ይጥፉ አልልም። የሚያዳምጥና የሚያበረታታ ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ሥልጠናውን ከወሰዱትና ካልወሰዱት መካከል ልዩነት መኖሩ በምን ታወቀ? ካልተሳካልኝስ፣ ጥፋቱ የዘዴው ሊሆን እንደሚችል ትቀበላላችሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ሊሳሳት የማይችል ዘዴ ስሕተቱን ሁሉ በደንበኛው ላይ ይጭናልና።

ተማሪዬን «አንጎልህ ደህና ነው» ብዬ ሸኘሁት። አሁን እራት በልቶ እጁን እንደታጠበ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል። አንዳንድ ማታ ይረሳል። ግን በማግሥቱ ራሱን እንደ በሽተኛ ሳይቆጥር ይቀጥላል።