የሁለት ወር ዕረፍት የማን ዕረፍት ነው?



በየዓመቱ የጁን ወር ሲጋመስ ልጆቻችን ደስ ይላቸዋል፤ እኛ ወላጆች ደግሞ ሐሳብ ይገባናል። ከ7ኛ ክፍል በላይ ያሉት ጁን 20 ገደማ ይለቀቃሉ፤ የጋንና የ1ኛ ደረጃ ልጆች ጁን 30 ይጨርሳሉ። ከዚያም እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ ትምህርት የለም። ይህ «ሆፌሽ ጋዶል» የሚባለው ረጅም ዕረፍት ይጠር ወይስ አይጠር የሚለው ክርክር በአገሩ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ ቆይቷል። በጋዜጣና በቴሌቪዥን የሚከራከሩት የመምህራን ማኅበራት፣ የወላጆች ኮሚቴ መሪዎችና የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ናቸው። የእኛ ድምፅ እዚያ ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ነገሩ ግን በቤታችን ውስጥ ያለ ስለሆነ ሐሳባችንን ለመግለጽ ወደድን። ሐሳባችንም አጭር ነው፦ የጁላይ ወር እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት ልጆች ሁሉ የትምህርት ቤት ወር ይሁን፤ ኦገስት ዕረፍት ሆኖ ይቅር።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። በእስራኤል የዓመት ፈቃድ ሕግ መሠረት በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሚያገኘው አነስተኛ ፈቃድ ከ2017 ጀምሮ 12 የሥራ ቀን ነው። ጁላይና ኦገስት ሲደመሩ 62 ቀን ናቸው፤ ዓርብና ቅዳሜ ሲቀነሱ 44 ያህል የሥራ ቀኖች ይቀራሉ። ባልና ሚስት ተራ ገብተው፣ አንዱ ሲመለስ ሌላው ቢወጣ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ የሚያገኙት 24 ቀን ነው። ይህም ለፋሲካ፣ ለሱኮት፣ ለሰርግና ለለቅሶ አንዲት ቀን እንኳ ሳያወጡ ነው። እኛ ደግሞ ከለቅሶና ከሰርግ የማንቀር ሕዝብ ነን! ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ያላት 12 ቀን ብቻ ነው። ሥራ ለውጦ ወደ ሌላ ድርጅት የሄደ ሰው ደግሞ የዘመን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምርበታል። ስለዚህ በሕጉና በትምህርት ቤቱ መካከል ቢያንስ የ20 ቀን ቀዳዳ አለ፤ ያንን ቀዳዳ የሚሞላው ወይ ገንዘብ ነው ወይ ልጅ ነው።

ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቀዳዳውን በቃይታና ይሞላዋል። ልጁን ዋና ያስተምረዋል፤ ወደ ኮምፒዩተር ኮርስ ይልከዋል፤ አውሮፕላን አሳፍሮ ውጭ አገር ያሳየዋል። በእኛ ሠፈር ግን ብዙውን ጊዜ ቀዳዳውን የምትሞላው የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ናት። እናት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ወደ ቤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ አካባቢ፣ ወይም ወደ ጽዳት ሥራ፣ ወይም ሽማግሌ ለመንከባከብ ስትሄድ ታናናሾቹን የምታበላና የምታስተኛ እርሷ ናት። ከ6 ዓመት በታች ያለን ልጅ ያለ ተገቢ ጠባቂ ጥሎ መሄድ በወንጀል ሕግ ያስጠይቃል፤ ይህን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ሕጉ መጥፎ ነው አንልም። ነገር ግን አንድ መንግሥት ጋኑን ዘግቶ፣ አሠሪውም ፈቃድ እንዳይሰጥ በሕግ ፈቅዶ፣ እናቲቱን «ልጅሽን ለምን ጥለሽ ሄድሽ?» ብሎ ሊጠይቅ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል።

ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ አይቆዩም። ከያቭኔ ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ጠባቂ በሌለበት ዳርቻ መዋኘት ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም። በቂርያት ማላኺ ሕንፃዎች ሥር፣ በገደራ መናፈሻዎች ውስጥ ልጆቻችን እስከ እኩለ ሌሊት ሲቀመጡ ሁላችንም እናያለን። ፖሊስም ያያቸዋል። ያለ ጥፋታቸው መታወቂያ የሚጠየቁትና ከፖሊስ ጋር በቃል ተጋጭተው መዝገብ የሚከፈትባቸው ብዙውን ጊዜ በእንደዚህ ያለው ሥራ ፈት ወቅት ነው።

ረጅም ዕረፍት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው። በኢትዮጵያም ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ተዘግቶ መስከረም ላይ ይከፈት ነበር። ነገር ግን ለምን እንደሚዘጋ እናውቃለን፤ ክረምት ስለሆነ ነው። ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ከሩቅ መንደር ወደ አምቦበር ትምህርት ቤት በእግሩ የሚመጣ ልጅ ወንዙን መሻገር አይችልም። ከዚህም በላይ ወቅቱ የእርሻ ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራል፤ ነሐሴ ላይ ይታረማል፤ ከብቱም እረኛ ይፈልጋል። ልጁ ከአባቱና ከእናቱ አጠገብ ሆኖ ሥራ ይማራል፤ ዐሥር ጎረቤት ያየዋል፤ ጥፋት ቢያጠፋ የማንም አባት ይቆጣዋል። ያ ዕረፍት ሌላ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። እዚህ አገር በጁላይ አንዲት ጠብታ ዝናብ አይወርድም፤ የሚታረም ጤፍም የለም። ሙቀቱ ነው ምክንያቱ ቢባል፣ መዝጋን የተገጠመለት ክፍል ተቆልፎ ልጁ ፀሐይ ላይ ይውላል። ይህን ለሽማግሌዎቻችን ማስረዳት እንዴት ያስቸግራል!

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካርል አሌክሳንደርና ዶሪስ ኤንትዊስል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1982 አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። ያገኙት ነገር ትኩረት የሚስብ ነው። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነባቸው ወራት የድሃውና የባለጸጋው ልጅ እድገት ተቀራራቢ ነበር፤ ልዩነቱ ይበልጡን የሚሰፋው በበጋው ዕረፍት ነው። በ2007 ባወጡት ጽሑፍ በ9ኛ ክፍል በንባብ የታየው ልዩነት ከ3 እጅ 2ቱ እጅ ያህል ከ1ኛ ደረጃ የበጋ ወራት የመጣ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በኋላ በ2019 ፖል ፎን ሂፕል የተባለው ምሁር አዳዲስ ፈተናዎችን መርምሮ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም ብሏል። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ ምሁራን ገና ይከራከራሉ። እኛ ግን ሴፕቴምበር ላይ የልጃችንን ደብተር ስንከፍት የምናየውን እናያለን።

የእኛ ልጆች ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የመንገድ ዕብራይስጥ ልጁ ከጓደኞቹ ይማረዋል፤ የመጽሐፍ ዕብራይስጥ ግን ከትምህርት ቤት በቀር የሚማርበት ቦታ የለውም። የጎረቤቱ ልጅ ማታ ማታ አባቱ ያነብለታል። የእኛ ልጅ አባት ልጁን ስለማይወደው አይደለም የማያነብለት፤ ከዐዋቂነቱ በኋላ በኡልፓን የጀመረው ፊደል መጽሐፍ ለማንበብ ስላላደረሰው ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ የመጡትን ልጆች ደግሞ አስቡ። ፊደል ለይቶ ማንበብ የጀመረ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ መጽሐፍ ሳይነካ ሲቀመጥ እንደገና ከአሌፍ ይጀምራል። ነገሩ በሴፕቴምበርም አያልቅም። በ2025 ትምህርት ሴፕቴምበር 1 ተጀመረ፤ ሴፕቴምበር 22 ማታ የሮሽ ሀሻና ዋዜማ ሆነ፤ የበዓላቱም ወቅት እስከ ኦክቶበር 14፣ እስከ ሲምሐት ቶራ ድረስ ቆየ። ከጁን መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ያለማቋረጥ የተማረው 3 ሳምንት ብቻ ነው ማለት ነው። «አሐሬ ሀሐጊም» የሚለውን ቃል ይህ አገር ለቀልድ አልፈጠረውም።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። በ2012 የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ጊድዖን ሳዓር የትምህርት ዓመቱ ኦገስት 27 እንዲጀመር አደረጉ። የተቀነሱት ጥቂት ቀኖች በዓመቱ ውስጥ ወደ ሌሎች ዕረፍቶች ተዛወሩ፤ ቆይቶም መክፈቻው ወደ ሴፕቴምበር 1 ተመለሰ። ለእናቲቱ ከኦገስት ወስደው በሐኑካ ቢሰጧት ምን ጠቀማት? በ2014 የተሻለ ሥራ ተሠራ። ሚኒስትሩ ሻይ ፒሮን «የትልቁ ዕረፍት ትምህርት ቤት» የተባለውን ፕሮግራም በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ጀመሩ፤ በኋላም 3ኛ ክፍል ተጨመረበት። ልጆቹ በጁላይ ለ3 ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት በዚያው በሚያውቁት ትምህርት ቤት ይውላሉ። ጥሩ ነገር ጥሩ ነው፤ እናመሰግናለን።

ነገር ግን ጥያቄ አለን። የ4ኛ ክፍል ልጅ አዋቂ ነው ያለው ማነው? የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ ለመጠበቅ ትልቅ፣ ብቻውን ለመዋል ትንሽ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ክፍያው ነው። ክፍያው ሲወሰን የሚታየው የከተማው የኑሮ ደረጃ ነው፤ ድሃ ከተማ ይቀልለታል፣ የተሻለው ከተማ ይከፍላል። ይህ ለቂርያት ማላኺ ይጠቅማል፤ በደረጃው ዝቅ ያለች ከተማ ናትና። ገደራና ያቭኔ ግን ከፍ ብለው ነው የሚገኙት፤ አዳዲስ ቪላዎችና ባለ ከፍተኛ ደመወዝ ነዋሪዎች አሉባቸው። በገደራ ሻፒራ ሠፈር የሚኖር ወገናችን ደመወዙ ከቂርያት ማላኺው ወንድሙ ጋር እኩል ነው፤ ክፍያ ሲመጣ ግን በጎረቤቱ ሀብት ይለካል። ደሃ ሆኖ በሀብታም ከተማ መኖር እንዲህ ያለ ቅጣት ያመጣል። እኛ የምንለው ክፍያው በቤተሰቡ ገቢ ወይም በሠፈሩ ሁኔታ ይታይ ነው።

ከራሳችን ወገን የሚነሣውን ተቃውሞ ቀለል አድርገን አናየውም፤ ከሁሉም የሚከብደን እርሱ ነው። «ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ በዕብራይስጥ ሲውሉ ከአያቶቻቸው ጋር የሚገናኙት በበጋ ብቻ ነው፤ አማርኛውን፣ ትግርኛውን፣ ሰላምታውን፣ ቡናውን የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው፤ ይህንንም ትወስዱብናላችሁ?» ይሉናል ሽማግሌዎቹ። አያት ልጅ ይጠብቅ የሚለው አሳብ መልካም ቢሆንም፣ የ75 ዓመት እናት 4 ሕፃናትን 44 ቀን ሙሉ በ3ኛ ፎቅ ላይ ስትጠብቅ ባህል ማስተላለፏ ቀርቶ መድኃኒቷን መውሰድም ትረሳለች። ኦገስት ለአያቶች ይበቃል። እንዲያውም በጁላይ አያቶቹ ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤት ይምጡ እንላለን። በገደራ ሽማግሌዎቻችን ከልጆች ጋር አፈር ቆፍረው አትክልት የሚያበቅሉበት የማኅበረሰብ የአትክልት ቦታ አለ፤ የ«ሐቬሪም በቴቫዕ» ወጣቶች የደከሙበት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በጁላይ ቢደረግ ልጁ አያቱን በክፍል ጓደኞቹ ፊት አስተማሪ ሆነው ያያቸዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መምህራኑም ሰዎች ናቸው፤ ደመወዛቸው ትንሽ፣ ክፍላቸው ጠባብ ነው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሥሩ አንልም። በጁላይ የሚያስተምረው ሰው የግድ ያው መምህር መሆን የለበትም። መምህርነት የሚማሩ ተማሪዎች አሉ፤ እንደ «ፔራሕ» ባሉ ፕሮግራሞች ለትምህርት ክፍያቸው እርዳታ አግኝተው በምላሹ ልጆችን የሚረዱ አሉ፤ ከእነርሱም መካከል የእኛው ወጣቶች ይገኛሉ። ከ7ኛ ክፍል በላይ ስላሉት ግን ይህን አንጠይቅም። ሕጉ ከ14 ዓመት ጀምሮ በዕረፍት ወቅት ቀላል ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ያች የበጋ ደመወዝ ለጫማና ለመጽሐፍ የምትሆንባቸው ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን።

ወላጆች ሆይ፣ የሚቀረው የእኛ ሥራ ነው። በጃንዋሪ 2012 ቤት አንሸጥላችሁም፣ አናከራያችሁም ሲባል ከቂርያት ማላኺ ተነሥቶ አገሩን ያስደመጠው የእኛው ሕዝብ ነው። ለትምህርት ቤት በር ያን ያህል ጩኸት አያስፈልግም፤ በቫዓድ ሆሪም ስብሰባ ላይ 10 ወላጅ መገኘት ይበቃል። የጁላይ ምዝገባ የሚደረገው በጋው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ማስታወቂያው በልጁ ቦርሳ ውስጥ ወይም በስልክ በዕብራይስጥ ይመጣል። ያልገባችሁን ወረቀት አትጣሉት፤ ወደ ትምህርት ቤቱ መገሸር ወይም ወደ ማትናስ ውሰዱት፣ እዚያው ያንብቡላችሁ። የቂርያት ማላኺና የያቭኔ ወላጆች ለኢሪያው፣ የገደራ ወላጆች ለሞዓጻ ሀመቆሚት የትምህርት ክፍል ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፦ 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ክፍል በጁላይ ለምን ይዘጋሉ? ክፍያውስ በምን ይለካል? የሚሰጣችሁንም መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የሦስቱን ከተሞች መልሶች ጎን ለጎን አድርገን በዚህ ገጽ ላይ በአማርኛና በዕብራይስጥ እናወጣቸዋለን።