አባቶቻችን ከፍልውሃ ሲወጡ



ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከጥቂት አባቶች ጋር በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ በእግር ስንንሸራሸር ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ 705 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ሥፍራ በከተማዋ ሰሜናዊ ተራራማ ክፍል የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ዳገትም ይበዛዋል። ከመካከላችን ከዘራ የያዙ አንድ ሐጂ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ይህን የሚያሽልልኝ ሶደሬ ብቻ ነው፤ ልጆቼ ለዒድ ሊወስዱኝ ነው» አሉን። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚህ ቀደም በአንድ ፍልውሃ ከሙቁ ገንዳ ሲወጡ ዓይናቸው ጨልሞ፣ ሲነቁ ራሳቸውን ያገኙት ወለል ላይ ተዘርረው ነበር። ለልጆቻቸው ግን እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

«ከነገርኳቸው ዳግም አይወስዱኝማ!»

እኛ አረጋዊ ውሃ አይንካ ከሚሉት ወገን አይደለንም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንድትቆረቆር ያደረጉት ፍልውሃውን ወድደው እንደነበር ይታወቃል። ከዚያ ወዲህም ስንቱ የታመመ መገጣጠሚያ በፍልውሃ፣ በሶደሬና በወንዶ ገነት እፎይታ አግኝቷል። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ጉልበቱ የሚሸከመው የክብደቱን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። በየብስ ሦስት እርምጃ የሚያቅታቸው እናት በውሃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ብናይ ሊደንቀን አይገባም።

ስለ ውሃ አደጋ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ጥልቁን ነው። ልጆቻችንን ከጥልቁ እንጠብቃለን፤ አባባን ግን «እሱ ዳር ላይ ነው የሚቀመጠው» ብለን እንተዋለን። ሆኖም አረጋውያንን ይበልጥ የሚያሰጋቸው ዳሩና መውጫው ነው። ሙቅ ውሃ የቆዳችንን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ የደም ግፊትም ዝቅ ይላል። ሰውየው በውሃ ውስጥ ሳለ ውሃው ገላውን ዙሪያውን ደግፎ ስለሚይዘው ነገሩ አይታወቀውም። ብድግ ሲል ግን ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ለአንጎል የሚደርሰው ያንሳል። ከሱጁድ ቀና ሲሉ የሚያዞራቸው አባቶችና እናቶች ከሙቅ ውሃ ሲወጡ የባሰ እንደሚገጥማቸው ከወዲሁ ማሰብ ነው። የግፊት መድኃኒት ወይም ውሃ የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። (መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ከመንገድ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይሻላል።)

በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ የዕለት ልማድ በሆነባት ጃፓን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያን በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሕይወታቸው ያልፋል። የአገሪቱ ባለ ሥልጣኖች ውሃው ከ41 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ቆይታውም ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። የእኛ ሰው ግን ላቡ እስኪንቆረቆር ካልተቀመጠ የታጠበ አይመስለውም!

የስኳር ሕመም ያለባቸውን በተለይ እናስብ። እግራቸው የመደንዘዝ ችግር ካለበት የውሃውን ግለት አይለይም፤ ስለዚህ ውሃውን አስቀድሞ በክርኑ የሚፈትን ጤነኛ ሰው ያስፈልጋል። ሲወጡም ጣቶቻቸው መሐል ሳይቀር ይደራረቅ፤ ቁስል ካለም ይታይ።

ስለ እናቶቻችን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ሐያእ የለመዱ እናቶቻችን ረጅም ልብስ እንደለበሱ ይገባሉ። ሰፊና ረጅም ልብስ ሲርስ ይከብዳል፣ ደረጃ ላይም እግር ይጠልፋል። ሰውነትን የሚሸፍን ሆኖ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያበቃ፣ እጅጌው ያልሰፋ ልብስ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ደግሞም በሴቶች ክፍል ወንድ ልጅ አይገባምና፣ ወንዶቹ ደጅ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እናት ብቻቸውን የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴት ልጅ ወይም ምራት አብራ ትግባ። በግል መታጠቢያ ክፍልም ቢሆን በሩ ከውስጥ አይቆለፍ፤ የወደቀን ሰው በተቆለፈ በር ማን ይደርስለታል?

ሌላው መቻኮል ነው። አዛን ሲሰሙ ሶላት እንዳያልፋቸው ብለው በእርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግራቸውን ሲጣደፉ አይተናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ይሞታሉ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። በጊዜ አስወጥቶ፣ ደረጃው ላይ ጥቂት አስቀምጦ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ አጫምቶ ማስነሳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዘራውም ግድግዳ ጥግ ሳይሆን መውጫው አጠገብ ይቀመጥ።

ገንዳ ውስጥ እንዳሉ ራሳቸውን ቢስቱ መጀመሪያ አፍና አፍንጫቸውን ከውሃ በላይ መያዝ፣ ከዚያም ሰው መጥራት ነው። ጥልቅ ገንዳ ከሆነና ዋና የማንችል ከሆነ ግን ዘልለን አንግባ፤ ፎጣ ወይም እንጨት እናቀብል።

ወደ ሐጂ እንመለስ። ከዛፎቹ ሥር ተቀምጠን ይህን ሁሉ ስናወራ ዝም ብለው አዳመጡንና፣ «እንግዲህ ይህን ጻፉት፣ ስሜን ግን አታንሱ» አሉን። እኛም ይህን የጻፍነው መጽሔቱ ቤታቸው ሳይደርስ ራሳቸው ለልጃቸው እንደሚነግሯት ቃል ካስገባናቸው በኋላ ነው።