ጌሙን ጨረስነው፤ መጽሐፉንስ?

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ «ዘ ፍራንዝ ካፍካ ቪዲዮጌም» የሚባል የእንቆቅልሽ ጌም አለ። ኬ የተባለ ሰው ድንገት ሥራ ይቀርብለትና ቅዠት በሚመስል ዓለም ውስጥ ይጓዛል። መነሻው የፕራጉ ደራሲ የካፍካ ድርሰቶች ናቸው።

ጌም ሁሉ ጥፋት ነው አንልም። ግን አንድ ነገር እናስተውል፦ በጌሙ እንቆቅልሹ ሲፈታ መንገዱ ይከፈታል። «ዘ ትራያል» በተሰኘው የካፍካ ልቦለድ ግን ጆሴፍ ኬ አንድ ማለዳ ተይዞ፣ ክሱ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነገረውም። ፍትሕ ያጣ ሰው ጭንቀት እንዲህ ነው፤ እሱን ደግሞ በጣት ነክተን አናልፈውም።

ጊዜያችን አማና ነው። ለጌሙ ሌሊቱን ካልነፈግነው፣ ለመጽሐፉም አንድ ምሽት አንንፈገው።